ዝናቡ የታማበት ቀን

ሰኔ 30 ነበር፤ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለችው ቢሯችን ተጨናንቃለች። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። የዓመቱ የሒሳብ ፋይል ከ11 ሰዓት በፊት አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት። የምንልከው በኤፍቲፒ ነው፤ ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በኔትወርክ የሚላክበት የቆየ ዘዴ ነው። አዎ፣ ዛሬም በኤፍቲፒ የሚሠራ ቢሮ አለ።

8 ሰዓት ላይ የሒሳብ ክፍሉ ጋሼ ጠሩኝ።

«ና እስቲ ልጄ፣ ይሄ ነገር ቀይ ጻፈብኝ።»

አየሁት፤ 425 ይላል። የዳታ መስመር መክፈት አልተቻለም ነው ነገሩ።

ኤፍቲፒ ላይ በ4 የሚጀምር ቁጥር ጊዜያዊ ችግር ነው፤ ቆይተህ ሞክር ማለት ነው። በ5 ከጀመረ ግን ያንኑ መደጋገም ትርፉ ድካም ነው። 530 ከሆነ የይለፍ ቃልህን ተመልከት። 550 ከሆነ ፋይሉ የለም፣ ወይም ፈቃድ የለህም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያሳሳተኝም እሱው ነው።

«ጊዜያዊ ነው ጋሼ፣ ዝናቡ ነው» አልኩ። እሳቸውም አልተከራከሩኝም። ክረምት ከገባ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የሚታማው ዝናብ ነው።

አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ «ድጋሚ ሞክር» የሚለውን ስጫን ቆየሁ። ኮምፒውተሩንም አጥፍቼ አበራሁት። አልሆነም። ሲጨንቀኝ አዲስ አበባ ደወልኩ።

«ምን ይላል?» አለኝ የዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያ።

«ኢረር ይላል።»

«እሱማ ይላል! ከሱ በላይ ያሉትን መስመሮች አንብብልኝ።»

ከፍ ስል 230 አለ። ገብተሃል ማለት ነው። ኔትወርኩ አለ፣ የይለፍ ቃሉም ልክ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኔ ከቀዩ መስመር አልተነቀለም ነበር።

«በዚህ ሳምንት የቀየራችሁት ነገር አለ?»

ዝም አልኩ። ሐሙስ ዕለት አዲስ ራውተር የገጠምኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ኤፍቲፒ ሁለት መስመር ይፈልጋል። አንዱ ትእዛዝ የሚሄድበት ነው፤ በፖርት 21፣ ማለትም በበር ቁጥር 21። ሌላው ፋይሉ የሚያልፍበት ነው። እኛ ስንጠቀምበት በነበረው በአክቲቭ አሠራር ይህን ሁለተኛውን የሚከፍተው ሰርቨሩ፣ ማለትም ፋይሉን የሚቀበለው የዋናው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ነው፤ እሱ ወደኛ ይመጣል። አዲሱ ራውተር ደግሞ ልክ እንደ አዲስ ዘበኛ ነው። ከግቢ የሚወጣውን ያሳልፋል፤ የማያውቀው እንግዳ ሲያንኳኳ ግን አይከፍትም። በፓሲቭ ሲሆን ሁለቱንም መስመር የምንከፍተው እኛው ነን፤ ዘበኛው የሚጠራጠረው ሰው አይኖርም።

ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ፓሲቭ የሚለውን መረጥኩ። ላክሁት። 226 መጣ፤ ፋይሉ ተላልፎ አልቋል። ሰዓቱ 10 ከሩብ ነበር።

ጋሼ ጃንጥላቸውን አንስተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዝናቡ አሁንም አላባራም።

«ታዲያ ይሄን ምስኪን ለምን አማነው?» አሉኝ።