ከሁለት ዓመቱ ኮሌጅ መሸጋገር ለምን አልፈለግሁም

ጅማ በዩኒቨርሲቲዋ የምትኮራ ከተማ ናት፤ ኩራቷም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህም የተነሳ አሜሪካ ውስጥ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሒሳብ እንደማስተምር ስናገር፣ ዘመድ ሁሉ ፊቱ ላይ የሐዘኔታ መልክ ይታይበታል። ዘንድሮ ለዕረፍት ስመጣ አክስቴ «አይዞህ፣ እሱ ከፈቀደ ወደ ዩኒቨርሲቲውም ያሸጋግርሃል» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ፤ መሸጋገሩን የማልፈልግ መሆኔን ለማስረዳት ግን ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ አልበቃኝም።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ ነው። በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው ጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1901 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በመላ አገሪቱ እንዲህ ያሉ ኮሌጆች አንድ ሺህ ያህል ይሆናሉ። ወደ 60 ክሬዲት ያጠናቀቀ ተማሪ አሶሺየት ዲግሪ ይይዛል፤ ትምህርቱን በአግባቡ መርጦ ከወሰደም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከሦስተኛ ዓመት ሊቀጥል ይችላል። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ግን አገባቡ ነው። በመግቢያ ላይ የሚሰጠው የምደባ ፈተና ተማሪው ከየት እንደሚጀምር ይወስናል እንጂ ይግባ ወይም ይቅር አይልም። እዚህ አገር በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ለሚያስታውስ የጅማ ወላጅ፣ የዚህን ትርጉም ማብራራት አያስፈልግም። በኋላ የመጣው ሪሜዲያል ለተወሰኑት ሁለተኛ ዕድል ሰጠ፤ የቀሩት ልጆች ነገር ግን እስካሁን በየቤቱ ይወራል።

ዋሽንግተን ዙሪያ ከሚኖረው ሐበሻ መካከል ሞንጎመሪ ኮሌጅን ወይም ኖቫ የሚባለውን የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያልሰማ ማግኘት ይከብዳል። እኔም የተማርኩት በዚያው አካባቢ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ሲሆን፣ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቅሁ የአልጀብራ ደብተሬን ከገንዘብ መቀበያው መስኮት ሥር ዘርግቼ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። የትምህርት ክፍያዬን የሸፈነልኝ ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ድጎማ ነው። ድጎማው ዝቅተኛ ገቢ ላለው ዜጋ ብቻ ሳይሆን የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ላለውም የሚሰጥና እንደ ብድር የማይመለስ ነው።

ከመማሩ ይልቅ ማስተማሩ ነው ልቤን የያዘው። በማታው ክፍሌ አንድ ረድፍ ላይ የ17 ዓመት የሃይስኩል ተማሪ፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌርና በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ አንዲት ኢትዮጵያዊት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እኚህ ሴት ከአረጋውያን መጦሪያ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ የሚመጡ ሲሆን፣ ነርሲንግ ለመግባት ሒሳቡን ማለፍ አለባቸው። ክፍልፋይ አስቸገራቸውና ቢሮዬ መጡ። ሁለት ሦስተኛ ይበልጣል ወይስ ሦስት አራተኛ? ቁጥሩን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በአማርኛ ያሰላሉ፣ መልሱን በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ ሁለቱንም ወደ አሥራ ሁለተኛ ቀይረው ስምንትና ዘጠኝ ሲሆኑላቸው እርሳሱን አስቀመጡና «ታዲያ ይሄን ነው እንዴ ስፈራ የኖርኩት?» አሉ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰዓት ከምርምሬ ላይ የተሰረቀ ይሆን ነበር። እዚህ ግን ሥራዬ ይኸው ነው፤ ጽሑፍ አሳትም ብሎ የሚያስጨንቀኝ የለም፣ የምመዘነውም በማስተማሬ ነው። ጂል ባይደን እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምረው በኖቫ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ቆይተው፣ ባለቤታቸው ፕሬዚዳንት በነበሩበት ዘመንም ክፍላቸውን አልተዉም። (ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው ትንሽ ተጽናኑ።)

ይሁን እንጂ ሥራው ሁሉ ማር ነው አልልም። የሙሉ ጊዜ መምህር ብዙውን ጊዜ በሴሚስተር አምስት ኮርስ ይሸከማል፤ ያም ቢሆን ዕድለኛው እሱ ነው። ከመምህራኑ ብዙዎቹ በኮርስ የሚከፈላቸው የትርፍ ሰዓት ሠራተኞች በመሆናቸው ማስተርስ ይዘው ከአንዱ ካምፓስ ወደ ሌላው ሲነዱ ይውላሉ፤ ብዙዎቹም ከኮሌጁ የጤና መድን አያገኙም። እኔም በዚህ አልፌያለሁ። ከተማሪዎቹም ዩኒቨርሲቲ እንገባለን ብለው ከሚጀምሩት አብዛኞቹ በሥራና በልጅ ማሳደግ መካከል ተይዘው ይቀራሉ፤ የነርሲንጉ ወንበርም ውድድር አለበት።

የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሐሳብ ለጅማ ባዕድ ነው የሚሉኝን ግን አልቀበልም። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል የሆነው የግብርና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1952 ከአሜሪካዋ የኦክላሆማ ግዛት በመጡ መምህራን እገዛ ሲጀመር የግብርና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚታወቅበት ተማሪዎችን ወደ ኅብረተሰቡ የማሰማራት ትምህርትም ከዚህ መንፈስ የራቀ አይደለም።

የአክስቴ የልጅ ልጅ ከዚሁ ከጅማ በተማሪ ቪዛ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለመግባት አስቧል። የነገርኩት ሳልሸፋፍን ነው፦ በዚያ መንገድ የሚሄድ ተማሪ ከአካባቢው ነዋሪ በጣም የሚበልጥ ክፍያ ይከፍላል፣ ፔል ግራንትም አያገኝም፤ ስለዚህ የቡና መሬት ተሽጦ የሚኬድበት ጉዳይ አይደለም። የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ይዞ ለሚሄደው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የታሸገ ትራንስክሪፕቱን ከዚሁ አስወጥቶ ይያዝ፤ ብዙ ግዛቶች የነዋሪ ክፍያ ለመፍቀድ አንድ ዓመት መኖርን ስለሚጠይቁም፣ እንደደረሰ የቤት ኪራይ ውልና የመንጃ ፈቃድ በስሙ ያውጣ።