በጉባኤ መድረክ ላይ የሰው አረማመድ በቀጥታ ልታሳዩ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ

የባዮሜካኒክስ (የሰውነት እንቅስቃሴ ጥናት) ጉባኤ ላይ ጥናት ማቅረብ ያን ያህል ከባድ አይደለም። አብስትራክት ትጽፋላችሁ፣ ገምጋሚዎች አስተያየት ይሰጣሉ፣ ታስተካክላላችሁ፣ አለቀ። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ቀድሞ ከወጣና የተሳታፊዎች ስምምነት በጽሑፍ ካለ ቀሪው ፖስተር ማተምና ንግግር መለማመድ ነው። ስለዚህ የሚጽፍ ሞልቷል፤ እኔ አልደግመውም።

እኔ የምጽፈው አዘጋጆቹ "የቀጥታ ማሳያ ብትጨምርበትስ?" ሲሉ ስለሚመጣው ጣጣ ነው። ካሜራ ተተክሎ፣ ማርከር (ብርሃን የምትመልስ ትንሽ ኳስ) ተለጥፎ፣ አንድ ሰው ታዳሚ ፊት ሲራመድ ግራፉ ስክሪን ላይ ብቅ ሲል ማየት ያጓጓል። እኔም ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ግን ቀደም ብሎ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ፣ አንድ ጤነኛ ወጣት በሞላ አዳራሽ ፊት "ጉልበትህ ደህና አይደለም" አይባልም ነበር። ነገሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

መጀመሪያ መሣሪያውን እንይ። ካሜራዎቹ በሌንሳቸው ዙሪያ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጫሉ። ሰውየው ላይ የተለጠፉት ትንንሽ ኳሶች ያን ብርሃን ወደመጣበት ይመልሱታል። ካሜራው ሰውን አያይም፤ ብሩህ ነጥቦችን ብቻ ነው የሚያየው። አንድ ነጥብ ቢያንስ በሁለት ካሜራ ከታየች ያለችበት ቦታ ይሰላል። ከዳሌ፣ ከጉልበት፣ ከቁርጭምጭሚትና ከተረከዝ ነጥቦች ደግሞ የመገጣጠሚያዎች ማዕዘን ይወጣል።

ስለዚህ የዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት ፀሐይ ናት። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ኢንፍራሬድ አለ። መስኮት፣ የተወለወለ ወለል፣ የብረት ወንበር እግር፣ የስፖርት ጫማ ላይ ያለ አንጸባራቂ መስመር፣ ሁሉም ለካሜራው ነጥብ ሊመስለው ይችላል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ጀርመን ውስጥ ብራውነና ፊሸር የሰውን አረማመድ በሦስት አቅጣጫ ሲለኩ፣ የሚያበሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ሰውየው አካል ላይ አስረው በጨለማ ነበር ፎቶ የሚያነሱት። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀን ነገር ዛሬ ለጉባኤ አዘጋጅ ማስረዳት አቃተኝ።

ከጉባኤው በፊት በጽሑፍ ጠይቄአለሁ። አዳራሹ መስኮት አለው? መጋረጃው ወፍራም ነው? መራመጃው ስንት ሜትር ነው? የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ነበር፦ "አዳራሹ ለማንኛውም ዓይነት ማሳያ ብቁ ነው።" ስደርስ አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። መጋረጃው ስስና ለጌጥ የተሰቀለ ነው። ልምምዱን ማታ አስደረጉን። ማታማ ሁሉም ነገር ሰላም ነው፤ ነጥቦቹ ጥርት ብለው ይታያሉ። የእኔ ክፍለ ጊዜ ግን ጠዋት ነበር፤ ፀሐይዋ ደግሞ የምትገባው በዚያው በመስታወቱ በኩል ነው። ሰዓቱ እንዲቀየር ለመንኩ። መርሐ ግብሩ ታትሟል አሉኝ።

ሌላው ጭቅጭቅ መድረኩ ነበር። ታዳሚው እንዲያይ ከፍ ባለው የእንጨት መድረክ ላይ ይሁን አሉ። የኃይል መለኪያ ሰሌዳ (የረገጠውን እግር ግፊት የሚለካ ጠፍጣፋ መሣሪያ) ጠንካራ መሬት ላይ ካልተቀመጠ ከሰውየው እርምጃ ይልቅ የመድረኩን ንዝረት ነው የሚለካው። ጤነኛ ሰው በተለመደ ፍጥነት ሲራመድ ወለሉ እግሩን ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ግራፉ ላይ ሁለት ጉብታ ይሠራል። ሁለቱም ከሰውየው ክብደት ትንሽ ይበልጣሉ፤ በመካከላቸው ዝቅ ያለ ሸለቆ አለ። እኛ ጋ ግን ሰሌዳው ላይ ማንም ሳይቆም፣ ሰው በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር መስመሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰሌዳውን ከነጭራሹ አወጣሁት። "መርሐ ግብሩ ላይ ተጽፏል" ብለው ተቆጡ። በዚህ ውሳኔዬ ዛሬም እኮራለሁ።

ጠዋት ላይ የፈራሁት ደረሰ። ወደ መስታወቱ የዞሩት ካሜራዎች ስክሪን ነጭ በነጭ ሆነ። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው ነገር ማስክ ማድረግ ነው፤ የሚያስቸግረውን የምስል ክፍል ካሜራው እንዳያየው መሸፈን። ችግሩ ማስኩ ነጸብራቁን ብቻ አይደለም የሚሸፍነው። እውነተኛ ማርከርም በዚያ ቦታ ሲያልፍ ይሰወራል። በዚያ ላይ ፀሐይዋ ትንቀሳቀሳለች፤ ነጸብራቁ ከደቂቃዎች በኋላ ከሸፈናችሁት ቦታ ወጥቶ ሌላ ቦታ ነው። ሰብሳቢውን ወደ ጎን ጠርቼ የተቀዳ መረጃ ላሳይ አልኳቸው። አልተቀበሉም። "ሰዎቹ የመጡት በቀጥታ ለማየት ነው" አሉ።

የሚራመደውን ሰው እኔ አዘጋጅቼ ነበር፤ አብሮኝ የሚሠራ ባልደረባዬ። የአዘጋጆቹ መመሪያ ግን ከታዳሚው ፈቃደኛ ይመረጥ ይላል። ሰብሳቢው መመሪያውን ይዘው ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ተማሪ አስነሱ። ማን በሞላ ጉባኤ ፊት እምቢ ይላል? ልጁ ወጣ። ማርከሮቹን ለጠፍን፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ መነሻ ልኬት ወሰድን፣ ተራመደ። ሶፍትዌሩ ክፍተቶቹን በራሱ ሞልቶ ግራፉን አወጣ።

እግር አየር ላይ ሲሆን የጤነኛ ሰው ጉልበት ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል። የልጁ ግራ ጉልበት እዚያው አካባቢ ደረሰ። የቀኙ ግን ጫፉ የተቆረጠ ኮረብታ መሰለ፤ ግማሹን ያህል እንኳ በቅጡ አልታጠፈም። እኔ አፌን ከመክፈቴ ሰብሳቢው ማይክሮፎናቸውን አነሡ። "እንደምታዩት የቀኝ ጉልበቱ ችግር አለበት። የኔ ልጅ፣ ለሐኪም ብትታይ ይሻላል።" አዳራሹ አጉረመረመ። ልጁ ወደ ጉልበቱ አየ። ከዚያ ቀኝ እግሩን ትንሽ ሸሸት አድርጎ ቆመ። ደህና የነበረው ልጅ በዓይኔ ፊት ማነከስ ሊጀምር ነው።

እዚህ ላይ አቋረጥኩ። ሰብሳቢን በመድረክ ማቋረጥ ነውር ነው፤ ግን አደረግሁት። ግራፉን ዘግቼ ጥሬ መረጃውን ከፈትኩ። የቀኝ ጉልበት ማርከር ልክ ጉልበቱ በብዛት በሚታጠፍበት ቅጽበት ጠፍታለች። ሶፍትዌሩ ክፍተቱን ከፊትና ከኋላ ያሉትን ነጥቦች አያይዞ በግምት ሞላው፤ ጫፉም በዚያው ተቆረጠ። ወደ መስታወቱ የዞሩት ካሜራዎች ከመስታወቱ ራቅ ያለውን እግር የሚያዩ ናቸው። ልጁ በተራመደበት አቅጣጫ ያ እግር ቀኙ ነበር። ስለዚህ "እባክህ አሁን በተቃራኒ አቅጣጫ ተራመድ" አልኩት።

ቀኙ 60 ገደማ ደረሰ። ግራው ተቆረጠ። "በሽታው" ወደ ሌላኛው እግር ተሻገረ። ልጁ ትከሻው ሲወርድ፣ ትንፋሹን ሲለቅ አየሁት። ሰብሳቢው ግን ይቅርታ አላሉትም። በመዝጊያው ላይም "የተሳካ የቀጥታ ማሳያ" ተብሎ ሪፖርት ቀረበ።

ይህን ያህል ያወራሁት አንድ ነገር ስለምፈልግ ነው፦ ስክሪን ላይ የወጣ ግራፍ እውነት ይመስላል፤ ባለሙያም ይሸወዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጥሬውን የማርከር መንገድ ከማዕዘኑ በፊት አሳዩ። ክፍተት የተሞላበት ቦታ በሌላ ቀለም ይታይ። አንድ እግር ብቻ ሲበላሽ ከሰውየው በፊት ካሜራውን ጠርጥሩ፤ ሰውየውን አዙራችሁ አስኪዱት። የሁለቱም ጉልበቶች ማዕዘን እኩል ዝቅ ካለ ደግሞ መራመጃውን ተመልከቱ። አጭር መድረክ ላይ ሰው ተነሥቶ ሳይፈጥን ማቆም ይጀምራል። በዝግታ ሲራመድ ደግሞ የጉልበት መታጠፍ በተፈጥሮው ያንሳል፤ የኃይሉ ሁለት ጉብታም ጠፍጠፍ ይላል። እኔ ከ10 ሜትር ባነሰ መራመጃ አላሳይም።

"ካሜራ ካስቸገረ ሰውነት ላይ እንቅስቃሴ የሚለካ ሰንሰር እሰሩ" የሚሉ አሉ። ጥሩ ነው፣ ግን ብዙዎቹ ሰንሰሮች አቅጣጫ ለመለየት የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ ይጠቀማሉ። መድረክና ወለል ውስጥ የተቀበረ ብረት ያስታቸዋል። ያለ ማርከር በተራ ቪዲዮ የሚሠሩትም ብርሃን አይጠሉም፤ ሰፊ ልብስና ከኋላ የሚያልፍ ሰው ግን ያስቸግራቸዋል። ሁሉም የራሱ ጣጣ አለው። ልምምዱን በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ወንበር አደራደር፣ ሰው ባለበት አድርጉ። ማታ ተሞክሮ ጠዋት የሚቀርብ ነገር ልምምድ አይባልም።

ፈቃደኛን በተመለከተ መመሪያው ምንም ይበል፣ ከታዳሚ አትውሰዱ። የአንድ ሰው አረማመድ የጤና መረጃው ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የጽሑፍ ስምምነት ሳይኖር የማንነካውን ነገር፣ መድረክ ላይ በጭብጨባ ማስወጣት የሥነ ምግባር ጥሰት ነው። ባልደረባችሁን አስኪዱ፤ አስቀድሞም ስምምነት ይፈርም። ከተቻለ ደግሞ የተቀዳ መረጃ አቅርቡ። ታዳሚው ቅር አይለውም፤ ጥያቄው እንዲያውም ይበዛል፣ ምክንያቱም ማቆም፣ መመለስ፣ አንድን እርምጃ ደጋግሞ ማየት ይቻላል።

ለተማሪው የሁለቱንም አቅጣጫ መረጃ ሰጠሁት፣ ግራፉ ለምን እንደተቆረጠም በጽሑፍ አስረዳሁት። ለአዘጋጆቹ ደግሞ ዝርዝር ደብዳቤ ጻፍኩ። "አስተያየትዎን ተቀብለናል" አሉ። የሚቀጥለው ጉባኤ መመሪያ ሲወጣ ግን "ፈቃደኛ ከታዳሚው ይመረጣል" የሚለው መስመር እዚያው አለ። እናንተ ጋ ሲደርስ ያችን መስመር ሰርዛችሁ ነው ፈርማችሁ መመለስ ያለባችሁ።