ብርሃንን ማደብዘዝ ነጠላ ፎቶን አይሰጥም፦ ከድሬዳዋ የፊዚክስ ክበብ

በማስተምርበት የድሬዳዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፊዚክስ ክበብ ውስጥ አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ የሌዘሩን ብርሃን እጅግ አድርገን ብናደበዝዘው በመጨረሻ ፎቶኖቹ፣ የብርሃን ቅንጣቶቹ፣ አንድ በአንድ አይወጡም?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «ይወጣሉ» ብዬ መለስኩለት። መልሴ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት በዚያው ምሽት፣ የቀኑ ሐሩር በረድ ሲል ከዚራ በሚገኘው ቤቴ ተቀምጬ ቁጥሩን በወረቀት ስሠራው ነው። በአንድ የሌዘር ምት፣ ማለትም በአንድ አጭር የብርሃን ብልጭታ፣ በአማካይ 0.1 ፎቶን ቢኖር፣ ከ100 ምቶች 90 ያህሉ ባዶ ይሆናሉ፤ ፎቶን ከያዙት ውስጥ ደግሞ 5 በመቶ ያህሉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይይዛሉ። ይበልጥ ሲደበዝዝ ባዶው ምት ይበዛል እንጂ ፎቶኖቹ በተራ መውጣት አይጀምሩም።

በተራ የሚያወጣ ምንጭ ስፈልግ ያገኘሁት የሴሚኮንዳክተር ኳንተም ዶትን ነው። ኢንዲየም አርሰናይድ በጋሊየም አርሰናይድ ላይ ሲነጠፍ የሁለቱ የአተም ድርድር ርቀት በ7 በመቶ ገደማ ስለሚለያይ፣ ከመጀመሪያው ስስ ንጣፍ በኋላ ቁሱ ተወጥሮ ጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ወዳላቸው ጉብታዎች ይሰበሰባል፤ ዶት የሚባለው እያንዳንዱ ጉብታ ነው። በጉብታው ውስጥ የታሰረ ኤሌክትሮን ወደ ቀዳዳው፣ ማለትም ኤሌክትሮን ወደ ጎደለበት ባዶ ቦታ፣ ሲመለስ አንድ ፎቶን ይወጣል፤ ሌላ ፎቶን ለማግኘት ዶቱ እንደገና መነቃቃት አለበት። ሁለት የኤሌክትሮንና የቀዳዳ ጥንዶች ቢገቡም የየራሳቸው ፎቶን የሞገድ ርዝመት በጥቂቱ ስለሚለያይ የመጨረሻውን በማጣሪያ መለየት ይቻላል። በ2000 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ የታየው ይህ ነበር።

እንዲህ ያለው ዶት ብዙውን ጊዜ ወደ 4 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ስለሚቀዘቅዝ ሙከራውን በክበባችን ማካሄድ አልቻልንም። ስለዚህ በላፕቶፕ ላይ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አስመስዬ ሠራሁት። ብርሃኑን ግማሹን አሳልፎ ግማሹን በሚያንጸባርቅ መስታወት ላይ አሳርፌ፣ በሁለቱ አቅጣጫዎች የፎቶን ቆጣሪ አኖርኩ፤ ከዚያም ሁለቱ ቆጣሪዎች በአንድ ምት የመዘገቡበትን ብዛት በተለያዩ ምቶች ለመዘገቡበት አካፈልኩ፤ ፎቶኖቹ አንድ በአንድ ከወጡ ሁለቱ በአንድ ምት ስለማይመዘግቡ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። የሌዘሩ ውጤት ዐሥር እጥፍ ባደበዝዘውም 1 ላይ ጸና። ተማሪው ይህን ሥዕላዊ መግለጫ ሲያይ ጥያቄውን ሳልመልስለት ራሱ መለሰ።

የዶቱ ውጤት በመጀመሪያው ዙር ፍጹም ዜሮ ወጣ፤ እጅግ ደስ አለኝ። በማግስቱ ኮዱን ሳነብበው ግን «በአንድ ምት አንድ ፎቶን ብቻ» የሚለውን ትእዛዝ የጻፍኩት እኔው እንደነበርኩ አየሁ። ውጤት ያልኩት የራሴ ግምት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ይህ ቁጥር ከየት ገባ?» ብዬ ነው። ለምቱ ርዝመት ሰጥቼ፣ ለዶቱም ከተነቃቃ በኋላ ፎቶኑን እስኪያወጣ ወደ 1 ናኖሰከንድ ዕድሜ ሰጥቼ እንደገና ስጽፈው፣ ምቱ ሳያልቅ ፎቶኑን ያወጣ ዶት በዚያው ምት ዳግመኛ ይነቃቃ ጀመር፤ ምቱ በረዘመ ቁጥርም ውጤቱ ከዜሮ እየራቀ ሄደ። አጭር ምት ለምን እንደሚመረጥ የገባኝ ያኔ ነው።

አብዝቶ ያስቸገረኝ ግን የብርሃኑ መውጣት ነው። የጋሊየም አርሰናይድ የስብረት መጠን፣ ማለትም ብርሃንን የሚያጎብጥበት ልክ፣ 3.5 ገደማ ስለሆነ፣ ወደ ገጹ ቀጥ ካለው መስመር ከ17 ዲግሪ ያህል በላይ ያዘነበለ ፎቶን ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ከጠፍጣፋ ገጽ የሚወጣው 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሰከንድ 80 ሚሊዮን ምት ቢኖርና የሚወጣው ሁሉ ቢመዘገብ፣ ሁለቱ ቆጣሪዎች በሁለት ተከታታይ ምቶች የሚመዘግቡት በሰከንድ 8,000 የፎቶን ጥንድ ነው። የሚመዘገበው ወደ 0.1 በመቶ ሲወርድ ግን ቁጥሩ ወደ 20 ይወርዳል፤ ሁለቱም ፎቶኖች መመዝገብ ስላለባቸው ኪሳራው በካሬ ይሄዳልና። ተመራማሪዎች ፎቶኑ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲወጣ ዶቱን ከላይና ከታች መስታወት በተነጠፈለት ስስ ዓምድ ውስጥ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። አሁን ከክበቡ ተማሪዎች ጋር ይህንኑ ዓምድ በስሌቱ ውስጥ እየጨመርን ነው።