ቋንጣውና ሃምሳ ዶላሩ

ነገሩ የሆነው ጃንዋሪ 2019 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ተዘግቶ ነበር። ትራምፕ ለድንበር አጥር 5.7 ቢሊዮን ዶላር ካልተሰጠኝ አሉ፣ ኮንግረስ አልሰጥም አለ፣ በጀቱ ሳይጸድቅ ዲሴምበር 22 ተዘጋና 35 ቀን ቆየ። «ተዘጋ» ሲባል ታዲያ ሁሉም ሰው ቤቱ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። ደመወዙ ከቆመበት 800 ሺህ የፌዴራል ሠራተኛ ወደ 420 ሺው ያለ ደመወዝ ሥራ ላይ ነበር። ፖሊሱ፣ የእስር ቤት ጠባቂው፣ እንደኔ ያለው የድንበርና የጉምሩክ መኮንን፣ ሁላችንም «አስፈላጊ» ነን። ትርጉሙ፦ ትመጣለህ፣ ትሠራለህ፣ ገንዘብህን በጀቱ ሲጸድቅ ታየዋለህ። እምቢ ብሎ አድማ መምታት ደግሞ ለፌዴራል ሠራተኛ በሕግ ክልክል ነው።

የምሠራው ዋሽንግተን አካባቢ ካሉት አየር ማረፊያዎች በአንዱ፣ ፓስፖርት የሚታይበት መስኮት ላይ ነው። አማርኛ ስለምናገር ከአዲስ አበባ የሚመጣው የጠዋት በረራ ሲያርፍ፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ወደኔ መስመር ይላካሉ። ደስ ይለኛል። ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጃል እንጂ።

የገናን ዶሮ እጃችንን ሰብሰብ አድርገን በላን። ከዚያ የደመወዝ ቀን መጣና አካውንቴን ስከፍተው ምንም የለም። ሞርጌጅ አለ፣ የልጆች ዴይኬር አለ፣ ለሥራ የምነዳበት ቤንዚን ራሱ አለ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ አለማለቷ ነው የከበደኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን ካፖርት ላይ ደርበዋል። ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ነው የመጡት።

«እማማ፣ ሥጋ ነክ ነገር ይዘዋል?»

«የምን ሥጋ ልጄ! ቋንጣ ብቻ ናት።»

ሳቄን ዋጥኩት። ከኢትዮጵያ ሥጋ ማስገባት አይቻልም፤ በከብት በሽታ ምክንያት ነው፣ ቋንጣም ያው ሥጋ ነው። ሻንጣቸው እንደሚፈተሽና ቋንጣው እንደሚቀር ነገርኳቸው። ስለተናገሩ ግን ቅጣት የለባቸውም። ደብቀው ቢያዝባቸው ኖሮ 300 ዶላር ሊያስከፍላቸው ይችል ነበር። ይሄን ሁሉ ሳስረዳ እሳቸው ቋንጣው ላይ ናቸው። «በእጄ ዘልዝዬ፣ በእጄ አድርቄ!» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ፊቴን አዩኝ።

«አንተስ? ሳይከፍሏችሁ ነው አሉ የምትሠሩት። ልጄ በስልክ ነገረችኝ።»

«ይከፍሉናል እማማ፣ ትንሽ ዘግይቶ ነው።»

አሻራ መስጫው ላይ ጣታቸውን እንዲያስቀምጡ እያሳየኋቸው ነው። እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይፈታሉ። አራት ቦታ የታጠፈች ሃምሳ ዶላር አውጥተው ፓስፖርታቸው ላይ አደረጉልኝ።

«ለልጆችህ ወተት ግዛባት።»

ደረቅ አልኩ። ከጭንቅላቴ በላይ ካሜራ አለ። ለእሳቸው ይሄ ምርቃት ነው። በእኛ ወረቀት ሲጻፍ ግን የተከለከለ ዕቃ የያዘ መንገደኛ ለሚመረምረው መኮንን ገንዘብ ሰጠ ማለት ነው።

«እማማ፣ ያስሩኛል!» አልኩና ገፋሁት።

«ማነው የሚያስርህ? እኔ ነኝ የሰጠሁህ!» ብለው መልሰው ገፉት።

ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በመጨረሻ ፓስፖርቱ ውስጥ ከትቼ በእጃቸው አስያዝኳቸውና ወደ ፍተሻው ላክኋቸው። ቀጣይ አልኩ። ሱፐርቫይዘር አልጠራሁም፣ አልጻፍኩም። ጥፋቴ ይቺ ናት። ወረቀት መሙላት አሰኝቶኝ አያውቅም፣ ያን ሰሞን ደግሞ በነጻ ለሚሠራ ሰው የማይታሰብ ነገር ነበር።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሱፐርቫይዘሬ ጠራኝ። ገንዘቧ ወዲያና ወዲህ ስትል ከሩቅ አይቷል። የሆነውን ነገርኩት።

«ታዲያ ለምን ወዲያው አልጠራኸኝም?»

«በነጻ እየሠራሁ ደግሞ ሪፖርት ልጻፍ?» አልኩት። ከአፌ ሳይወጣ ነው የጸጸተኝ። እሱም እንደኔ አልተከፈለውም፤ ያውም ደብል ሺፍት ላይ ነበር። አልተቆጣም። «በሌላ ወር ይሄን ቪዲዮ የሚያይ ሰው አሮጊት ገንዘብ ስትሰጥ ያያል» አለኝ። «በዚህ ወር የሚያየው ደሞዝ ያላገኘ መኮንን ገንዘብ ሲነካ ነው።»

አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ሰዓቱ፣ መጠኑ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ገንዘቧ የት እንደደረሰች። የመጨረሻዋን ለማረጋገጥ አብረን ወደ ፍተሻው ሄድን። እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሁለታችንን ሲያዩ ፊታቸው በርቶ ብድግ አሉ። ቋንጣውን ልንመልስ የመጣን መስሏቸዋል።

የስጦታ ሕጋችን በነገራችን ላይ ግራ ያጋባል። በዚያው ሳምንት ሼፍ ሆዜ አንድሬስ ፔንስልቬንያ ጎዳና ላይ ለፌዴራል ሠራተኞች ነጻ ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር። እዚያ ተሰልፎ መብላት ችግር የለውም፣ ለሁሉም ሠራተኛ የቀረበ ነውና። ጉዳዩን ከምወስንለት ሰው ግን አምስት ሳንቲምም ያስጠይቃል። ኋላ ውዝፉ ተከፈለን፤ ጃንዋሪ 16 የተፈረመው ሕግ ቤቱ ለተቀመጠውም ለሠራውም ዋስትና ሰጥቷል። በኮንትራት ኩባንያ ተቀጥሮ የመንግሥት ሕንፃ የሚጠብቀው ጓደኛዬ ግን ሕጉ ውስጥ የለም። የ35 ቀኑ እንደወጣ ቀረ። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

በ2025 ደግሞ ተዘጋ፣ ያውም 43 ቀን። የዚያን ጊዜ ለእኛ ለመኮንኖቹ ኦክቶበር ላይ ከፈሉን። መንገደኛ የሚፈትሹት የቲኤስኤ ልጆች ግን ሳይከፈላቸው ይሠሩ ነበር። በሠራተኛ መግቢያው በኩል ቦርሳዬን የምትፈትሽ አንዲት ልጅ አለች፣ ያገሬ ልጅ፣ ሁለት ሕፃናት አሏት። አንድ ጠዋት ባለቤቴ የቆላችውን ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ይዤ ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

«ለልጆችሽ ነው» አልኳት።

ላስቲኩን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ካሜራውን አየች።