ሱሉልታ፣ እንቁራሪት ለመስማት

ነሐሴ ላይ ነው። ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዤ እንጦጦን ተሻገርኩና ሱሉልታ ሜዳው ጋ "ወራጅ አለ!" አልኩ። ረዳቱ ዝናቡንም እኔንም አየና "እዚህ?" አለኝ።

ያመጣኝ አንድ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ደጋ አራት አዳዲስ የሣር እንቁራሪት ዝርያዎችን ይፋ አደረጉ። ከነሱ አንዷ "ፕቲካዴና ዶሮ" ትባላለች። አዎ፣ የኛው ዶሮ። ወንዱ ሲጮህ ድምፁ ዶሮ ስለሚመስል ነው። እኔ ስሙን ሳነብ ቀድሞ የመጣብኝ ወጡ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2019፣ ደቡብ ምዕራብ ቢቢታ ተራራ ላይ የተገኘች፣ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምታህል ሌላ አዲስ ዝርያ ይፋ ሆናለች። እሷስ ጫካ ውስጥ ነው የኖረችው፣ አይፈረድም። የሣሮቹ ነገር ነው የገረመኝ። ሰው አይቷቸዋል። መልካቸው ስለሚመሳሰል ግን የተለያዩት እንደ አንድ ሲቆጠሩ ኖሩ። የለያቸው ዲኤንኤያቸውና ጩኸታቸው ነው። ስለዚህ እኔም ለማየት ሳይሆን ለመስማት ሄድኩ።

ሜዳው ውሃ አቁሯል። ከብት የሚጠብቁ ሁለት ልጆች አገኘሁ።

"እንቁራሪት የት ይበዛል?"

"ራቻ?" አለ ትልቁ፣ በኦሮምኛ። "ምን ልታደርጋቸው?"

"ድምፃቸውን ልሰማ።"

ተያዩ። "እናንተ ሰፈር አይጮሁም?"

የመገናኛ ሰው ለዚህ ምን ይመልሳል?

ከአስፋልቱ ዳር፣ ከጠጠር ክምር ሥር ያለች ቦይ አሳዩኝ። ቁጢጥ ብዬ ጠበቅኩ። ጫማዬ ውሃ ገባው። ሊመሽ ሲል አንዱ ጀመረ። አውራ ጣት የሚያህል፣ ቡናማ፣ ጀርባው ላይ ነጣ ያለች መስመር ያለችው። በጮኸ ቁጥር ከአገጩ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ፊኛዎች ይነፋሉ። እኔ አንድ ጉሮሮ የሚነፋ ነበር የመሰለኝ። ስልኬን ጠጋ ሳደርግ ተስፈንጥሮ ሣር ውስጥ ገባ። የቀሩት ግን ቀጠሉ። ዶሮ የሚመስል አልሰማሁም።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ የቀዳሁትን ከፈትኩ። ገልባጭ መኪና፣ ዝናብ፣ ከዚያ መሃል አንድ "ክርርር"።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዞር ብለው፣ "ስልክህ ተበላሸ እንዴ ልጄ?" አሉኝ።