«ከኢንተርኔት ነው ያገኘሁት»

ከሦስት ዓመት በፊት ጥር 11 ቀን ማለዳ፣ በአፄ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ጠበሉ ተባርኮ ሕዝቡ ላይ ከተረጨ በኋላ፣ የዋርካው ሥር አቅፎ ከያዘው የድንጋይ አጥር አጠገብ ጎረቤታችን እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው አየኋቸውና ፎቶ አነሳኋቸው። የጠበሉ ጠብታ ከነጠላቸው ጥለት ላይ ገና አልደረቀም፤ የአንገታቸው ንቅሳት ደግሞ የጠዋት ፀሐይ አርፎበት መስመር በመስመር ይታይ ነበር። ወዲያው ካሜራውን አሳየኋቸውና በፌስቡክ ገጼ ላይ ባወጣው ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ጥምቀቱን ያላየ ይየው፣ አውጣው ልጄ» አሉኝ። ስሜን በታችኛው ጥግ ጽፌ አወጣሁት፤ አንዱንም አሳጥቤ፣ በመስታወት አድርጌ ለቤታቸው ሰጠኋቸው።

ባለፈው ዓመት የእማማ ልጅ ወደ ፎቶ ቤቴ ገባችና ሰላም ሳትለኝ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የእናቷ ፎቶ ለጉልበት ሕመም የሚቀባ ቅባት ማስታወቂያ ሆኗል። ስሜ ያለበት ጥግ ተቆርጧል፤ ቁርጡ የእማማን ንቅሳት ለሁለት ከፍሎታል፤ ከሥሩ ደግሞ እማማ ቅባቱን ተጠቅመው እንደዳኑ የሚናገር፣ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ምስክርነት ተጽፏል። «እናቴን አንተ ነህ የሸጥካት?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከጎረቤት ልጅ መስማት እንዴት እንደሚያም፣ በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ያውቀዋል።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ «ከኢንተርኔት ነው ያገኘሁት» የሚል። ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ በቅን ልቦና የሚናገሩትም አሉ። ነገር ግን መንገድ ላይ የወደቀ ነጠላ ያገኘ ሰው እንኳ «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ መንገድ ላይ ስላገኘው ብቻ የራሴ ነው አይልም። የፋሲል ግቢንና የደብረ ብርሃን ሥላሴን ፎቶ ከሌላ ሰው ገጽ እያነሱ «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ብለው የሚለጥፉ፣ ጎንደርን ከልባቸው የሚወዱ ወጣቶችም ይህንን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ ኢንተርኔት ፎቶ አያነሳም።

ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ግን ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም አንዱ ምስሉ በአደባባይ ከተፈጸመ ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ሲሆን ነው። የሙያ ጓደኞቼ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ይህን ነው፤ ጥምቀት አደባባይ ነው ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። እኔ ግን ሕጉን ሳነበው የሚገባኝ፣ በዓሉን ለማሳየት የተነሳ ፎቶ ከበዓሉ ተነጥሎ የቅባት ማስታወቂያ በሆነ ጊዜ ያ መከራከሪያ አብሮት እንደማይሄድ ነው። እማማም የፈቀዱት ጥምቀቱን ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 29 ደግሞ ባለምስሉ እንዲቆምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ዳኞችም አጥፊው በምስሉ ካገኘው ጥቅም የማይበልጥ ገንዘብ እንዲከፍል፣ ተጠይቆ ወዲያው ካላቆመም የኅሊና ጉዳት ካሣ እንዲጨምር ማዘዝ ይችላሉ።

የእኔ መብት ከዚህ የተለየ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመታት የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም በሥራው የመጠቀም መብት፣ ጥበቃ ይሰጣል፤ ነገር ግን ፎቶው የስብስብ አካል መሆኑን፣ ወይም በመጽሐፍ መታተሙን፣ ወይም ደግሞ የባለሙያውን ወይም የወኪሉን ፊርማ ወይም አድራሻ መያዙን ይጠይቃል። ስለዚህ ያ የተቆረጠ ጥግ ተራ ጥግ አልነበረም። ጥግን ቆርጦ የሚጥል ሰው የሚጥለው፣ ሕጉ ፎቶውን የማን ብሎ እንደሚያውቀው የሚያሳየውን ምልክት ነው።

ማስታወቂያው በሦስተኛው መልእክቴ ወረደ። ያገዘኝ ዋናውን ፋይል አለመሰረዜ ነው፤ ካሜራው ፎቶው የተነሳበትን ቀንና ሰዓት በፋይሉ ውስጥ መዝግቦታል፣ የእማማም ንቅሳት እዚያ ላይ ሙሉ ነው። እንደ ፌስቡክና ቴሌግራም ያሉት ፎቶ ሲጫንባቸው አብዛኛውን ጊዜ መጠኑን ስለሚቀንሱና ይህን መረጃ ከፋይሉ ስለሚያጠፉት፣ ከዚያ ያወረደ ሰው እንዲህ ያለ ማስረጃ ማቅረብ ይቸግረዋል። ከመጻፌ በፊትም ማስታወቂያውን ከነቀኑ ስክሪንሹት አድርጌው ነበር። ሆኖም ፎቶው እስኪወርድ ድረስ ወደ ሌሎች የቴሌግራም ቻናሎች ተሻግሯል፤ አንዱን ሳስወርድ ሌላው ይመጣል፣ እስከ ዛሬም አላለቀልኝም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰዎች እማማን «መድኃኒቱን ከየት አገኙት?» እያሉ ይጠይቋቸው ጀመር፤ ጉልበታቸውን ለዓመታት የታመሙ አንዲት የሰፈራችን እናትም ፎቶውን አይተው፣ እማማን አምነው ቅባቱን ገዝተዋል። ምንም አልፈየደላቸውም። እማማ ይህን በሰሙ ማግሥት ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ብር ፈተው በሴትዮዋ እጅ ላይ አስቀመጡ። ሴትዮዋ «እርስዎ ምን አጠፉ?» ብለው መለሱላቸው።

«በእኔ ፊት ነው የተታለልሽው» አሉ እማማ፣ ብሩንም ደግመው አስጨበጧቸው።