«ምነው ጠቆርሽ?»

የእኛ ሰው ሰላምታ ላይ ሁሉም ሐኪም ነው። ስሞ ሳይጨርስ ምርመራ ይጀምራል። ከስተሻል። ወፍረሻል። ቀላ ብለሻል፣ ምን ተገኘ? ምነው ጠቆርሽ? ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻዋ ለእኔ ወር ጠብቃ የምትመጣ ናት። የወር አበባዬ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ያገኘኝ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ካለፈ በኋላ ያገኘኝ ደግሞ ምንም አይልም። ፊቴ ለእኔ ሳይነግረኝ ለሰፈሩ ያወራል።

ያለብኝ ማድያት ነው። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ከላይኛው ከንፈሬ በላይና በሁለቱ ጉንጮቼ ላይ ወጣ። ያኔ ማንንም አልገረመም፤ እርጉዝ ላይ የታወቀ ነው። እናቴ «ስትወልጂ ይለቅሻል» አለችኝ። አክስቴ ደግሞ ፊቴን አየት አድርጋ «ወንድ ነው» ብላ ፈረደች። ሴት ተወለደች። የእናቴም ቃል በግማሽ ነው የሠራው። ከእምብርቴ ቁልቁል የወረደው ጥቁር መስመር ከወሊድ በኋላ እየሳሳ ጠፋ። የፊቴ ግን ፈዘዘ እንጂ አልለቀቀም። ጡት ማጥባት ጨርሼ የወሊድ መከላከያ ፒልስ ስጀምር ጭራሽ ደመቀ።

«ጉበትሽን ታይተሻል?» ያላለኝ ዘመድ የለም። ማድያት ከጉበት ነው የሚለው ወሬ መቼም አይሞትም። ቀጥሎ የመድኃኒት ምክር ይዥጎደጎዳል፤ እርድ በማር፣ ሬት፣ እንቁላል፣ ሎሚ። ሌላው ይቅር፣ የሎሚው ነገር ያናድደኛል። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል። ቃጠሎው ሲድን የሚተወው ጥቁረት ከማድያቱ ሊብስ ይችላል።

ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ያየችኝ የቆዳ ሐኪም ስለ ክሬም ከማውራቷ በፊት «የወሊድ መከላከያ ምን ትጠቀሚያለሽ?» አለችኝ። ለፊቴ መጥቼ ስለ ማህፀኔ ስጠየቅ ትንሽ ግር አለኝ። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ቆዳችን ውስጥ ሜላኖሳይት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። የቆዳ ቀለማችንን፣ ሜላኒንን፣ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት የሴት ሆርሞኖች ሲበዙ ይነቃሉ። በእርግዝና ጊዜ ሁለቱ ሆርሞኖች ጣሪያ ይነካሉ። የጡት ጫፍ የሚጠቁረው፣ ያ የሆድ መስመር የሚወጣውም በዚሁ ነው። ሁለቱን ሆርሞኖች የያዘ ፒልስም ተመሳሳይ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ሁሉም ሴት ላይ አይወጣም። በዘር አለ፤ እናቴም አክስቴም ነበረባቸው። እንደኛ ጠይምና የቀይ ዳማ የሆነ ሰው ላይ ደግሞ ይበረታል። ሆርሞን ብቻውን ግን አይበቃውም፤ ፀሐይ ይፈልጋል። ልብስ የማይሸፍነውን ቦታ መርጦ የሚወጣው ለዚያ ነው።

የወሩን ጉዳይ የተረዳሁት ስልኬ ላይ ቀን መያዝ ስጀምር ነው። ድሮ የማስበው ማድያቱ ራሱ በየወሩ እየጠቆረ እየፈዘዘ እንደሚሄድ ነበር። ትንሽ ትንሽ ይኖራል። ዋናው ጥፋተኛ ግን ብጉር ነው። እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ ፕሮጄስትሮን ይጨምራል፤ ከዚያ የወር አበባ ሲቃረብ ሁለቱም ሆርሞኖች ይወርዳሉ። በዚህ መሀል ፊቴ ይወዛል፣ አገጬና መንጋጋዬ ላይ ሁለት ሦስት ብጉር ብቅ ይላል። ብጉሩ በሳምንት ይሄዳል። ምልክቱ ግን ጠይም ቆዳ ላይ ወራት ይቀመጣል። አንዱ ሳይጠፋ የሚቀጥለው ወር ሌላ ይጨምርበታል። ስለዚህ «ጠቆርሽ» የሚለኝ ሰው የሚያየው የዚህን ወር ብቻ አይደለም፤ ያለፉትን ወራት ውዝፍ ጭምር ነው።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ፊቴን በየሳምንቱ አንድ ዓይነት አላስተናግደውም። የወር አበባዬ ካለፈ በኋላ ያሉት ቀናት ሰላማዊ ናቸው፤ ሐኪሟ ያዘዘችልኝን ጠንከር ያለ የማታ ክሬም ያኔ እቀባለሁ። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ቆዳዬ ቶሎ ይቆጣል። ያኔ በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፣ ቀላል ቅባት፣ ብጉሩ ላይ ብቻ ጠብ የሚደረግ መድኃኒት፣ በቃ። ፊት መፋቅ የለም። ብጉር ማፍረጥ ደግሞ በጭራሽ፤ እጄን ለመያዝ የሚያስፈልገኝ ትግል ግን ቀላል አይደለም። አርግዣለሁ ብዬ ከጠረጠርኩ ሬቲኖይድና ሃይድሮኪኖን የሚባሉት የሚቀቡ መድኃኒቶች ወዲያው ይቆማሉ። በእርግዝና ጊዜ ሐኪሞች ይልቅ አዜላይክ አሲድ የሚባለውን ቅባት ያዛሉ።

ሃይድሮኪኖንን ካነሳሁ አይቀር ሆዴ ያለውን ልናገር። ይህ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ፣ ለጥቂት ወራት፣ ማድያቱ ላይ ብቻ ሲቀባ ይሠራል። ችግሩ ዓመት ሙሉ ፊት ሙሉ ሲለቀለቅ ነው። ቆይቶ ሰማያዊ ያለበት ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል፤ እሱን ማስለቀቅ ደግሞ ከማድያቱ ይከብዳል። ገበያው ላይ «የሚያቀላ» ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? አንዳንዱ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለበት። በሳምንት ፊት ያጠራል፣ ሰው ሁሉ «ቀላ ብለሻል» ይላል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ ሲቆም ደግሞ ብጉሩና ጥቁረቱ ተባብሶ ይመለሳል። ሜርኩሪ ያለበትም አለ፤ እሱ ከፊት አልፎ ኩላሊት ይጎዳል። «ቀላ ብለሻል» ሙገሳ መሆኑ እስካልቀረ ድረስ ይህ ገበያ አይዘጋም። እኔ ስባል ራሴ ደስ ይለኛል፤ ደስ ባይለኝ ነበር የምወደው።

አሁን ገንዘቤንም ጉልበቴንም ያዞርኩት ወደ ፀሐዩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አያስታውቅም እንጂ ጥቅምት ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ያለው ፀሐይ የዋዛ አይደለም። ደመናም አያስቆመውም፤ ክረምት ነው ብሎ መተው አያዋጣም። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር መቀመጥ እንኳ ለማድያት ጥላ አይደለም። መስታወቱ የሚያቃጥለውን ጨረር ቢይዝም የሚያጠቁረውን አብዛኛውን ያሳልፋል። ሙቀትም ያባብሳል፤ እንጀራ ጋግሬ የተነሳሁ ቀን በመስታወት አይቻለሁ። እናቶቻችን በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግተው ሲሄዱ እንስቅ ነበር። አሁን የእኔም ቦርሳ ውስጥ አለ።

የወሊድ መከላከያውን ስለ መቀየርም ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረናል። ፒልሱን በራሴ ጊዜ አልወረወርኩም፤ ፊቴን ብዬ ሳላስበው ባረግዝ ማድያቱን ከነወለዱ መመለስ ነው። ሆርሞን የሌለበት የመዳብ ሉፕ አንዱ አማራጭ ነው። እሱ ደግሞ አንዳንድ ሴት ላይ የወር አበባ ያበዛል፣ ቁርጠት ያመጣል። ጓደኛዬ የሦስት ወሩን መርፌ ትወጋለች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። እሷ ላይ አልወጣም ማለት እኔ ላይ አይወጣም ማለት እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል። ገና አልወሰንኩም።

የቀረው ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያው ክሬም፣ ነው። ለማድያት ተራው አይበቃም፤ ምክንያቱም ዓይናችን የሚያየው ብርሃንም ጠይም ቆዳን ያጠቁራል። እሱን የሚከላከለው አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም የገባበት ዓይነት ነው። ነጩ ሰንስክሪን ፊቴን አመድ ያስመስለዋል፤ ቀለም ያለው ከቆዳዬ ጋር ቢመሳሰል በአንድ ቱቦ ሁለት ችግር ይፈታልኛል። ቢመሳሰል ነው እንግዲህ። ሰፈሬ ያለችው ፋርማሲስት በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች። ሄጄ እጄ ላይ ሞክሬ እመለሳለሁ፤ ሁሌም ለፈረንጅ የሚሆነው ቀለም ነው። «ጠቆር ያለውን አስመጪልኝ» ስላት «እትዬ፣ እሱን ባመጣ ማን ይገዛኛል? ሰው የሚጠይቀኝ ቀላ ያለውን ነው» አለችኝ። እኔ እገዛሻለሁ አልኳት። ለአንድ ሰው ብላ እንደማታዝ ስለማውቅ እህቴንና የቢሮ ጓደኞቼን አስመዝግቤ መጣሁ።